ለአባትና ለልጅ የተሰፈረ ስንቅ፦ የኬሪ ቤተ ሰብ የተልዕኮ ድጋፍ ከ1792 እስከ 1794

ወደ ሕንድ የተላከው እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ የዊሊያም ኬሪ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከፍሬው ነው፤ በቤንጋሊ ቋንቋ ካሳተመው አዲስ ኪዳን፣ በሰራምፖር ከተቋቋመው ማተሚያ ቤትና ከትምህርት ቤቶቹ። ይህ ጥናት የሚመለከተው ከዚያ የሚቀድመውን፣ ከኦክቶበር 1792 እስከ ኦገስት 1794 ያለውን አጭር ጊዜ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ለወንጌል ሥራ ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ቤተ ሰብ ድጋፍ እንዴት ተሰበሰበ፣ ለስንት ሰው ተብሎ ተሰፈረ፣ የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅስ እንዴት አለቀ? ጉዳዩን የመረጥሁት ገንዘቡ ትንሽ ስለ ነበረ አይደለም፤ በትንሽ ገንዘብ ወጥተው በሰላም የሠሩ ብዙ ናቸው። የመረጥሁት ጉድለቱ ከሣጥኑ ይልቅ በስሌቱ ውስጥ እንደ ነበረ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ለአባትና ለአንድ ልጅ የተሰፈረው ስንቅ በመጨረሻዋ ሰዓት ለሰባት ነፍስ እንዲበቃ ተፈለገ፤ ልዩነቱንም ከሁሉ አብልጣ የከፈለችው፣ ስሌቱ ሲሠራ ያልነበረችው እናት ናት።

ቤተ ሰቡ

ኬሪ በ1761 በኖርዝሃምፕተንሺር የተወለደ ጫማ ሠሪ ነበር። በ1781 ዶሮቲ ፕላኬትን ፒዲንግተን በተባለች መንደር አገባ። ዶሮቲ በአምስት ዓመት ገደማ ትበልጠው ነበር፤ ፊደል ስላልቆጠረችም በጋብቻው መዝገብ ላይ የፈረመችው የመስቀል ምልክት በማድረግ ነው። ኬሪ በሞልተን የአንዲት ትንሽ ጉባኤ አገልጋይ በነበረበት ጊዜ የሚያገኘው በዓመት 15 ፓውንድ ገደማ ስለ ነበር፣ ጫማ እየሰፋና ልጆች እያስተማረ ቤቱን ይደጉም ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባቸዋል። በ1789 ወደ ሌስተር ጉባኤ ተዛውሮ ኑሮው ጥቂት ቢሻልም ጥሪት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በ1792 መጨረሻ ላይ ፊሊክስ፣ ዊሊያምና ፒተር የተባሉ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ዶሮቲም ነፍሰ ጡር ነበረች።

በጽሑፍ የነበረው ዕቅድ

በሜይ 1792 ኬሪ ክርስቲያኖች ወንጌልን ለአሕዛብ የማድረስ ግዴታ እንዳለባቸው የሚሞግት 87 ገጽ ያለው መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን የሚያስታውሱት ብዙዎች የሚያወሱት ሥነ መለኮታዊ ክርክሩን ነው፤ ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ግን ስለ ገንዘብ የተጻፈው የመጨረሻው ክፍል ነው። ኬሪ ባለጠጎች ከሀብታቸው እንዲሰጡ ከጠየቀ በኋላ፣ ድሆች ምእመናን በየጉባኤያቸው በሳምንት አንዲት ፔኒ ወይም ከዚያ በላይ እያዋጡ ለተልዕኮ እንዲያስቀምጡ ሐሳብ ያቀርባል። በባሪያዎች ጉልበት የሚመረተውን የምዕራብ ኢንዲስ ስኳር መግዛት ያቆሙ ቤተ ሰቦችም በሳምንት ከስድስት ፔንስ እስከ አንድ ሺልንግ እንዳተረፉ ጠቅሶ፣ ያንን ትርፍ ለዚህ ሥራ ቢሰጡ ምንም እንደማይጎድልባቸው ያስረዳል። ይህ ድጋፍን ከአንድ ቀን ስሜት አውጥቶ ከየቤቱ የሳምንት ወጪ ጋር የሚያያይዝ፣ የድሃን ቤት ከሚያውቅ ሰው ብቻ የሚመነጭ ሐሳብ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለሚላኩት ሰዎችም ተጽፏል። ቢያንስ ሁለት ሆነው እንዲሄዱ፣ በአብዛኛውም ባለትዳሮች ቢሆኑ እንደሚሻል፣ ሰባኪዎቹ ሥራቸውን እንዲሠሩ ኑሮውን የሚያሰናዱ ሌሎች ሰዎች ከነቤተ ሰቦቻቸው አብረው ቢሄዱ እንደሚጠቅም፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ዘርና የዓሣ መረብ ይዘው፣ አንድ ሁለት ላምም ኖሯቸው ከመጀመሪያው ወጪ በኋላ ራሳቸውን እንደሚችሉ ያትታል። ስለዚህ በሜይ 1792 በወረቀት ላይ የነበረው ዕቅድ የቤተ ሰብ ዕቅድ ነበር። በጃንዋሪ 1793 የተወሰነው ግን ሌላ ነው።

መዋጮው

ኦክቶበር 2 ቀን 1792 በኬተሪንግ ከተማ በአንዲት መበለት ቤት አሥራ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው፣ በኋላ የባፕቲስት ሚስዮናውያን ማኅበር በመባል የታወቀውን ማኅበር መሠረቱ። በዚያ ምሽት ቃል የተገባው ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ነበር። በጥሬው አልተከፈለም፤ እያንዳንዱ የሚሰጠውን በወረቀት ጽፎ ከመሥራቾቹ አንዱ በሆነው በአንድሪው ፉለር የትምባሆ ማኖሪያ ሣጥን ውስጥ እንደ ጨመረ ይነገራል። ኬሪ የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረው ከመጽሐፉ ሽያጭ የሚገኘውን አበረከተ። ድምሩ በሞልተን ሳለ ከነበረው የዓመት ገቢ ያነሰ ነው፤ የሰጡት ሰዎች ግን ራሳቸው ድሆች የገጠር አገልጋዮች ስለ ነበሩ ማናችንም ልናቃልለው አይገባም። በወሩ መጨረሻ ሳሙኤል ፒርስ በበርሚንግሃም ከሚያገለግለው ጉባኤ 70 ፓውንድ ይዞ መጣ። ከአንድ ጉባኤ የመጣው ይህ ስጦታ ከመሥራቾቹ ሁሉ መዋጮ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ ልዩነቱም አገልጋዩ ሰምቶ የሰጠበት ጉባኤና ጉዳዩ በስም ተነግሮት ራሱ የሰጠበት ጉባኤ ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ዋናውን ሸክም የተሸከመው የማኅበሩ ጸሐፊ ፉለር ነው። ለንደን ገብቶ ቤት ለቤት ሲዞር፣ የታወቁት የከተማዋ አገልጋዮች አብዛኞቹ ከነገሩ ራቁ። ፉለር ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ሲመለስ እንባውን ሰው እንዳያይበት ከዋናው መንገድ ወደ ጓሮ መንገዶች ገለል ይል ነበር። ይህንን የምጠቅሰው ለማሳዘን አይደለም፤ ድጋፍ ማሰባሰብ የሚባለው ሥራ ከሚሄደው ሰው ባላነሰ የሚለምነውን ሰው እንደሚፈትን ዛሬም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሕንድን በጥልቅ የወርቅ ማዕድን መስሎ፣ ኬሪ «እኔ እወርዳለሁ፣ እናንተ ግን ገመዱን ያዙ» ያላቸው ያህል እንደ ተሰማቸው የጻፈውም ፉለር ነው፤ እርሱም በ1815 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ገመዱን አልለቀቀም።

የተሳሳተው ስሌት

በጃንዋሪ 1793 የማኅበሩ ኮሚቴ በሕንድ በቤንጋል ኖሮ የተመለሰውን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጆን ቶማስን ተቀበለ። ቶማስ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ልቡ የሚነድድ ሰባኪ ነበር። ዕዳም ነበረበት። ሚስዮናዊ በቤንጋል በጥቂት ወጪ ሊኖርና ቶሎ ራሱን ሊችል እንደሚችል ለኮሚቴው የገለጸው እርሱ ስለ ነበር፣ ኮሚቴውም ሌላ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረው፣ የኑሮው ግምት በአንድ ሰው ተስፋ ላይ ቆመ። በዚያው ስብሰባ ኬሪ አብሮት እንደሚሄድ ቃል ገባ።

ዶሮቲ በስብሰባው አልነበረችም። ቤት ሲመለስ ሲነግራት እምቢ አለች። መውለጃዋ የቀረበ የሦስት ልጆች እናት፣ ከዘመዶቿ ርቃ የማታውቅ ሴት፣ በጦርነት ዋዜማ ወደማታውቀው አገር ለመሄድ እምቢ ብትል የሚገርመው ነገር የለም (ብሪታንያና ፈረንሳይ በፌብሩዋሪ 1793 ጦርነት ገቡ)። ከዚያ በኋላ የተያዘው ዕቅድ ኬሪ ትልቁን ልጅ ፊሊክስን ይዞ እንዲሄድ፣ ዶሮቲም ከሌሎቹ ልጆች ጋር ፒዲንግተን እንድትቀመጥና ኬሪ ቦታውን አደላድሎ ኋላ እንዲወስዳት ነበር። ከዚህ ቀን ጀምሮ የተለመነው ገንዘብ ሁሉ የተለመነው ለዚህ ዕቅድ ነው። ደጋፊዎቹ ልበ ደንዳናዎች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የእናቲቱን ጉዳይ ግን እንደ ቤት ውስጥ ጉዳይ ትተው፣ የበጀቱ የመጀመሪያ መስመር መሆኑን አላዩትም።

አንዲት ሌሊት በፒዲንግተን

ኬሪ፣ ፊሊክስና ቶማስ በኤፕሪል ከለንደን ኧርል ኦፍ ኦክስፎርድ በተባለች መርከብ ተሳፈሩ። የእንግሊዝን የሕንድ ንግድ የተቆጣጠረው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ፈቃድ አልነበራቸውም። መርከቢቱ አጃቢ ጦር መርከቦችን ስትጠብቅ በዋይት ደሴት አጠገብ ሳምንታት ቆመች። በሜይ መጀመሪያ ኬሪ ከዚያ ሆኖ፣ ወንድ ልጅ በሰላም መወለዱን ለነገረችው ሚስቱ፣ ዓለም ሁሉ ቢኖረው እርሷንና ልጆቹን አብረውት እንዲሆኑ በደስታ እንደሚሰጥ፣ የግዴታ ስሜቱ ግን ከሁሉ ነገር እንደ በረታበት ጻፈላት። ጥቂት ቆይቶ ካፒቴኑ ያለ ፈቃድ ሰዎች በመጫኑ እንደሚከሰስ የሚያስጠነቅቅ ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሰውና ሚስዮናውያኑን ከነጓዛቸው አወረዳቸው። የቶማስ አበዳሪዎችም ይፈልጉት ነበር።

ለንደን ተመልሰው በአንድ ቡና ቤት ሳሉ አንድ አስተናጋጅ የዴንማርክ የሕንድ መርከብ የሚገኝበትን አድራሻ የያዘ ወረቀት ሰጣቸው። ዋጋው ለአዋቂ 100 ፓውንድ፣ ለልጅ 50፣ ለአገልጋይ 25 ነበር፤ ጊዜውም ቀናት ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች በሌሊት ተጉዘው በማለዳ ፒዲንግተን ደረሱ። ዶሮቲ የሦስት ሳምንት አራስ ነበረች፤ ያቤጽ የተባለውን ሕፃን ታቅፋ እንደ ገና ተጠየቀች፣ እንደ ገናም እምቢ አለች። ሰዎቹ ገንዘብ ፍለጋ መንገድ ጀምረው ሳለ ቶማስ ተመለሰና፣ ካልሄደች ዕድሜዋን ሙሉ እንደምትጸጸት ነገራት። ዶሮቲም እኅቷ ኪቲ አብራት ከሄደች እንደምትሄድ ተናገረች፤ ኪቲም ጥቂት ጸልያ እሺ አለች። ውሳኔውን ሁሉ የወለደው ይህ የአንድ ጠዋት ንግግር ነው።

አሁን የሰዎቹ ቁጥር ተለወጠ፦ ኬሪ፣ ዶሮቲ፣ አራት ልጆች፣ ኪቲና ቶማስ፣ በድምሩ ስምንት። አራት አዋቂና አራት ልጅ በመደበኛው ዋጋ 600 ፓውንድ ይሆናል። ቶማስ ከመርከቡ ወኪል ጋር ተከራክሮ፣ እርሱና ኪቲ በአገልጋይነት እንዲሳፈሩ ተስማምቶ፣ ሁሉንም በ300 ጊኒ፣ ማለትም በ315 ፓውንድ አስጨረሰ። ገንዘቡ በየወዳጁ ደጅ ተፈልጎ፣ ከፊሉም ተበድሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ። ጁን 13 ቀን 1793 ከዶቨር ተነሡ፤ እንግሊዛዊው ካፒቴን በአገልጋይነት የተመዘገቡትን ሁለቱንም ከሌሎቹ እኩል አድርጎ በደግነት አስተናገዳቸው። አምስት ወር የፈጀው ጉዞ በኖቬምበር ካልካታ ላይ አበቃ።

ቶማስ በድርድሩ ያሳየው ብልሃት የሚደነቅ ነው። ችግሩ ድርድሩ የቀነሰው የመርከቡን ዋጋ እንጂ የአፍ ቁጥርን አለመሆኑ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ኑሮ የታሰበው 150 ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ሸቀጥ ነበር፤ ካልካታ ደርሶ ተሽጦ በዋጋው ሊኖሩበት። ስንት ሰው እንደሚበላበት ሲለወጥ ይህ ሸቀጥ አልተጨመረበትም። ቶማስም የራሱ ሚስትና ልጅ ነበሩት። በጥቂት ቀን ውስጥ የመርከብ ዋጋ ማግኘት የሚችል ማኅበር፣ የኑሮውን መስመር እንደ ገና ለመቁጠር አንድ ምሽት አላገኘም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ሸቀጡንም ገንዘቡንም የያዘው አገሩን የሚያውቀው ቶማስ ነበር። ሽያጩ እንደ ታሰበው አልሆነም፤ ካልካታ ውድ ከተማ ናት፤ ቶማስም እንደ ሐኪም በከተማው ሥራ ለመያዝ ሲል ወጪ አወጣ። ኬሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጁ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቤተ ሰቡ ከካልካታ ወደ ባንዴል፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ማኒክታላ ተንከራተተ፤ እዚያ የተጠለሉባትን ትንሽ ቤት በነጻ የሰጣቸው አንድ ሕንዳዊ ባለጠጋ ነው። ዶሮቲና ትልቁ ልጅ በተቅማጥ ታመው ተኝተው ነበር፤ ሁለቱ እኅትማማቾችም ቶማስ በከተማ ደህና እየኖረ እነርሱ እንጀራ የሚያጡበት ምክንያት አልገባቸውም። በጃንዋሪ 1794 ኬሪ በማስታወሻው ላይ፣ በባዕድ አገር ብቻውን መሆኑን፣ ክርስቲያን ወዳጅ እንደሌለው፣ ብዙ ቤተ ሰብ ይዞ የሚያስፈልጋቸውን የሚሞላበት ምንም እንደሌለው ጻፈ።

ይህን መስመር ከሌስተር የተነሣውን ስሌት አጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ያስፈልጋል። ሥራውን በብቸኝነት የጀመረ ሚስዮናዊ በባዕድ አገር ቢራብ የሚራበው ራሱ ነው። ኬሪ ግን ይህን ሲጽፍ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሕሙማንና የስምንት ወር ሕፃን ነበሩ። ደግሞም ከእንግሊዝ አንዲት ደብዳቤ ደርሳው አታውቅም፤ የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች የደረሱት በሜይ 1795፣ ከመጣ ከዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። ገመዱን የያዙት ሰዎች አልለቀቁትም፤ ነገር ግን በዘመኑ የመርከብ ጉዞ፣ ገመዱ መወጠሩን ከታች ሆኖ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በፌብሩዋሪ ቤተ ሰቡ በጀልባ ወደ ሰንዳርባንስ ረግረግ ወረደ። መጠለያ ሳያገኙ በወንዝ ዳር ሳሉ፣ በኩባንያው የጨው ሥራ የተሰማራ ቻርልስ ሾርት የተባለ እንግሊዛዊ ቤቱ አስገባቸው። ሾርት የኬሪን እምነት አይጋራም ነበር፤ ግን ሰባት የማያውቃቸውን ሰዎች እስከ ፈለጉ ድረስ ለማኖር አላመነታም፤ ኋላ ኪቲን አገባ። ኬሪ መጽሐፉ ላይ የጻፈውን የእርሻ ዕቅድ ነብር በሚመላለስበት ጫካ ውስጥ እየመነጠረ መጀመሩ ነበር።

ከችግሩ ያወጣቸው ከቶማስ በኩል የመጣ ነገር ነው፤ ይህንንም በፍትሕ መናገር ይገባል። የኩባንያው ሹም ጆርጅ አድኒ በማልዳ አካባቢ ለቶማስ ሥራ ሰጥቶ፣ ኬሪንም በሙድናባቲ የኢንዲጎ ማቅለሚያ ፋብሪካ ኃላፊ አድርጎ በወር 200 ሩፒ ቀጠረው። በጁን 1794 ቤተ ሰቡ ማልዳ ደረሰ። ኬሪ ወዲያው፣ በኦገስት፣ ለማኅበሩ ከእንግዲህ ለኑሮው ገንዘብ እንዳይልኩለትና ያንኑ ገንዘብ ለሌላ ተልዕኮ እንዲያውሉት ጻፈ። የጠየቀው ማጭድ፣ የማረሻ ጎማ፣ በየዓመቱ የሚላክ የአትክልትና የፍራፍሬ ዘር ብቻ ነበር። በአገር ቤት ያሉት አንዳንዶች የሚስዮናዊው መንፈስ በነጋዴው ሥራ እንዳይዋጥ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላኩለት። ኬሪ የመለሰው፣ ለቤተ ሰቡ የዕለት ጉርስ ከተለየ በኋላ ገቢው ሁሉ፣ በአንዳንድ ወራትም ከዚያ የሚበልጥ፣ ለሥራው እንደሚውልና መጽሐፍ ቅዱስ በቤንጋሊ እስኪታተም ድረስ ድሃ ሆኖ እንደሚቀር ነው። ያን ተግሣጽ ባነበብሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ ስንቁን ሳይሞሉ የላኩ ሰዎች፣ የጎደለውን በላቡ የሞላውን ሰው በላቡ ወቀሱት።

የገንዘቡ ችግር በሙድናባቲ አበቃ። የቤተ ሰቡ አላበቃም። በኦክቶበር 1794 አምስት ዓመት የሆነው ፒተር በንዳድ ሞተ። በአካባቢው ልማድ የተነሣ መቃብር የሚቆፍር ሰው ጠፍቶ፣ በመጨረሻ አራት ሙስሊሞች ቆፈሩለት። ዶሮቲ ከዚያ አልተመለሰችም። በ1795 አእምሮዋ ታወከ፤ ባሏ እንደሚበድላት እያመነች ትከስሰው፣ ለሕይወቱም የሚያሰጋ ደረጃ ትደርስ ነበር። ሕመሟ ከረኃቡ፣ ከተቅማጡ፣ ከሐዘኑ ወይም ቀድሞ ካደረባት ነገር የመጣ መሆኑን ከዚህ ርቀት ሆኖ የሚወስን የለም፤ እኔም አልወስንም። የሚታወቀው፣ ሁለቴ እምቢ ያለችበት ጉዞ፣ አንድ ጠዋት ታስቦ፣ ለእርሷ ስንቅ ሳይጨመርበት መጀመሩ ነው።

በሰራምፖር የተቀየረው አሠራር

በ1799 ጆሹዋ ማርሽማንና ዊሊያም ዋርድ ከነባልደረቦቻቸው መጥተው በዴንማርክ ይዞታ በነበረችው ሰራምፖር ተቀመጡ፤ ኬሪም በጃንዋሪ 1800 ቤተ ሰቡን ይዞ ተቀላቀላቸው። ዋርድ ኬሪ ከመነሣቱ በፊት፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚታተምበት ቀን ሲመጣ እንደሚፈልገው ነግሮት የነበረ አታሚ ነው። ገና በመጀመሪያው ወር ያቆሙት ሥርዓት በዋርድ ማስታወሻ ተመዝግቧል። በአንድ ግቢ የሚኖሩት ቤተ ሰቦች በአንድ ማዕድ ይበላሉ፤ የሚገባው ገንዘብ ሁሉ የጋራ ነው፤ ለግሉ የሚነግድ የለም፤ ገንዘብ ያዡ ኬሪ ነው፤ የቤቱን ወጪ የሚያስተዳድረው ሰው በየወሩ ይለዋወጣል። የቅዳሜ ምሽት ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ በመካከላቸው የተነሣውን ቅሬታ ለመነጋገርና ለመታረቅ ተለይቶ ተሰጠ። ሸቀጡ በአንድ ሰው እጅ፣ ቅሬታውም በማኒክታላ ጠባብ ክፍል ውስጥ ታፍኖ ከነበረበት ጊዜ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

ዲሴምበር 28 ቀን 1800 ክሪሽና ፓል የመጀመሪያው የቤንጋል አማኝ ሆኖ በወንዙ ሲጠመቅ፣ አብሮት የተጠመቀው ከአባቱ ጋር መጀመሪያ ተሳፍሮ የነበረው ፊሊክስ ነበር። በዚያው ግቢ በአንድ ክፍል ዶሮቲ ተዘግቶባት ትጮኽ ነበር። በሰራምፖር የነበሩት ቤተ ሰቦች እስከ ዲሴምበር 1807፣ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ፣ አስታመሟት።